ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ የሯጩ ልብና የሰውነት ስንቅ

በደሴ ፒያሳ ከርመው የተገናኙ ዘመዳሞች ሰላምታ ሲለዋወጡ ላዳመጠ ሰው፣ ከጤናና ከቤተሰብ ቀጥሎ የሚነሳው የሰውነት ነገር ነው። የወፈረው ደላው፣ ተመቸው ይባላል። የከሳው ደግሞ ምን ነካው ተብሎ ይታዘንለታል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ወሎ ክፉ ቀን ያየ አገር ነው። በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ የሚያስታውስ ሰው፣ ሥጋ መያዝን የመትረፍ ምልክት አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም።

ሆኖም ዘመኑ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። በከተሞቻችን የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የየቤቱ ወሬ ሆነዋል። ነገ ጠመኔ ይዘን ልጆች ፊት የምንቆም እኛ ዕጩ መምህራንም፣ ስለ ውፍረትና ስለ ክሳት በዓይን ከመፍረድ አልፈን፣ ሰውነት ያከማቸውን ስብ መቼ እንደሚያስቀምጥና መቼ እንደሚያወጣ ማን ያዘዋል ብለን መጠየቅ ይገባናል። ከአዛዦቹ አንዱ ልብ ነው ቢባል የሚገረም አይጠፋም። ልብ ደም ከመርጨት ሌላ ሥራ ያለው መሆኑ የታወቀው እኮ በቅርቡ ነው።

ስለዚህ በዚህ እትማችን፣ ልቡም እግሩም ዓለምን ያስደነቀውን የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ እያነሳን፣ በመካከሉ ይህንኑ የልብና የስብ መልእክት ልውውጥ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከጃቶ እስከ ክቡር ዘበኛ

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በመንዲዳ አቅራቢያ በምትገኘው የጃቶ መንደር ነው። አጋጣሚ ሆኖ በዚያችው ዕለት በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የደጋ ልጅ ገና ተጫውቷል። የገና ጨዋታ በሜዳው ስፋት ልክ የሚያስሮጥ፣ ጎል ከጎል አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች የሚራራቅበት ጨዋታ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው አገር ነው። እኛም በደሴ ይህን ያህሉን ከፍታ በእግራችን እናውቀዋለን። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ የሚመለስ ሰው፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀሎት የነበረው ዳገት ደሴ ሲደርስ ትንፋሽ ሲያሳጥርበት ይታወቀዋል። በከፍታ ቦታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጂን አነስተኛ ስለሆነ፣ ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋሳት እየሠራ ይላመዳል። ዘወትር የሚሮጥ ሰው ልብ ደግሞ እየሰፋና እየጠነከረ ሄዶ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ከዚህም የተነሳ ሲያርፍ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢመታ ይበቃዋል።

የአበበን ተሰጥኦ ለይቶ ያወቀው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነው። ኒስካነን ወታደሮቹን ዳገት እያስሮጠ፣ ሰዓት እየያዘና እያሳረፈ በሥርዓት አሠለጠናቸው። የሮም ኦሊምፒክ ሲቃረብ አበበ አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ገባ። ይህ ሰዓት ታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። ከአገር ውጭ ግን ስሙን የሚያውቅ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያን ጊዜ በአገራችን ገናና የነበረው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር።

የሮም ሌሊት

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በእኛ ዘንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። አበበ እዚያ ያገኘው ጫማ ለእግሩ ስላልተመቸው፣ አገሩ ላይ ሲለማመድበት እንደ ነበረው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ የመጨረሻው መንገድ ችቦ በያዙ ወታደሮች ብርሃን በጨለማ ተሮጠ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆይተው፣ አበበ ጥሎት የሄደው የፋሺስት ጦር ከአገራችን ወስዶ ሮም ላይ ባቆመው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ መመለሱንና በ2000 ዓ.ም. ዳግም አክሱም ላይ መቆሙን አንባቢ ያስታውሳል።

አበበ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሲገባ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የዓለም ምርጥ ሰዓት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለ። ራዲ 25 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ገባ። በዚህ ድል አበበ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

ታዲያ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ያለ ማቋረጥ የሚያስኬደው ስንቅ ከየት ይመጣል? አበበ 57 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቀጭን ሰው ነበር። ሰው ሲሮጥ በአንድ ኪሎ ክብደት ለአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል ብለን ብናሰላ፣ የእሱን ያህል ክብደት ላለው ሰው ማራቶን 2400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። በጡንቻና በጉበት የተቀመጠው ስኳር በፍጥነት የሚነድ ቢሆንም ውሱን ነው። ስብ ግን በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ የስኳርና የስታርች ግን 4 ብቻ ነው። 5 ኪሎ ብቻ የስብ ክምችት ያለው ከሲታ ሰው እንኳ በውስጡ ከ35,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ስንቅ ተሸክሞ ይዞራል። ስለዚህ ስብ ጠላት አይደለም፤ ጎተራ ነው። ቁም ነገሩ የጎተራው በር በጊዜው መከፈቱ ላይ ነው።

ልብ የሚልከው መልእክት

በሩን ከሚከፍቱት ውስጥ ዋናዎቹ አድሬናሊንና መሰሎቹ መሆናቸው ከቆየ ታውቋል። ኢንሱሊን በበኩሉ በሩን ይዘጋል፤ ሰው በሚሮጥበት ጊዜ መጠኑ ስለሚቀንስ ስቡ ይለቀቃል። አበበ በሕይወት በነበረበት ዘመን የሕክምና መጻሕፍት ልብን የሚያስተምሩት እንደ ደም መግፊያ ብቻ ነበር። እርግጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩ ሰዎች በልብ የላይኛው ክፍሎች ጡንቻ ውስጥ፣ በዕጢዎች እንደሚታየው ዓይነት ጥቃቅን ከረጢቶች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አይተዋል። ነገር ግን ምን እንደሚሠሩ የተረዳ አልነበረም።

ምሥጢሩ የተገለጸው አበበ ከሞተ ከ8 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በካናዳ አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቹ ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል ያወጡትን ጭማቂ ወደ ሌሎች አይጦች ደም ሲያስገቡ፣ አይጦቹ ወዲያው ብዙ ጨውና ውኃ በሽንት ማስወጣት ጀመሩ። ልብ ለካስ ሆርሞን ያመነጫል! ነገሩ ሲጠና አሠራሩ እንዲህ መሆኑ ታወቀ። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲበዛ የልብ ግድግዳ ይለጠጣል። በተለጠጠ ጊዜ ሆርሞኑን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወጣ፣ የደም ሥሮችም እንዲላሉ ያደርጋል። በዚህም የልብ ሸክም ይቃለላል።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2000 በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ይኸው የልብ ሆርሞን የሰው የስብ ሕዋሳት ያከማቹትን ስብ ፈትተው ወደ ደም እንዲለቁ እንደሚያደርግ አሳዩ። የሚጠቀመውም አድሬናሊን በሚጠቀምበት በር ሳይሆን በራሱ በር ነው። ሰው ሲሮጥ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚጨምር ሆርሞኑም ይጨምራል። እንግዲህ ልብ ራሱ ነዳጁን በብዛት የሚያገኘው ከስብ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል የሚመታ ጡንቻ፣ ሥራ ሲበዛበት ለራሱም ለእግርም ስንቅ ይላክልኝ ብሎ ጎተራውን ያንኳኳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ታወቁ። አንደኛ፣ የልብ ሆርሞኖች ስብ አከማቺ የሆኑትን ነጭ የስብ ሕዋሳት ወደ ቡናማ ጠባይ እየለወጡ፣ ስብን አቃጥለው ሙቀት እንዲሰጡ ሊገፋፉ እንደሚችሉ በሰው ሕዋሳትና በአይጦች ላይ ታየ። ሁለተኛ፣ በአሜሪካ በዳላስ የሚሠሩ ሊቃውንት በአይጦች ልብ ውስጥ ብቻ ሜድ 13 የሚባለውን ፕሮቲን ሲያበዙ፣ አይጦቹ ቅባት የበዛበት መኖ እየበሉ እንኳ በቀላሉ አልወፈሩም። ለውጡ የተደረገው በልብ ውስጥ ሆኖ ሳለ ክብደቱ የተለወጠው የመላው አካል ነው። በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ይደገማል ማለት ባይሆንም፣ ልብ በክብደት ጉዳይ ድምፅ እንዳለው ያመለክታል።

አንድ ነገር ግን እናስጠንቅቅ። የአበበን የልብ ሆርሞን የለካ ማንም የለም፤ በዘመኑ አይታወቅምና። እዚህ የምናወራው በማንኛውም ሰው አካል ውስጥ ስለሚሠራው ሕግ ነው።

ቶኪዮና ከዚያ በፊት

ከሮም ድል በኋላ የአበበ ኑሮ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመንግሥት ግልበጣ ሲሞክሩ፣ እሱም እንደ ባልደረቦቹ ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተፈታ። በዚያው ዓመት አቴንስ ላይና ኦሳካ ላይ ማራቶን አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን 5ኛ ወጣ።

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የቶኪዮ ማራቶን ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ የትርፍ አንጀት ሕመም ያዘውና ተቀደደ። እንዲህ ያለ ሰው አልጋ ላይ ቢሰነብት ማንም አይወቅሰውም ነበር። አበበ ግን ሐኪም እንደ ፈቀደለት ቀስ በቀስ መሮጥ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገብቶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት እንደገና አሻሻለ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲደርስ፣ አበበ ሣር ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን እያፍታታ ነበር።

በሜክሲኮ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ቢሰለፍም፣ እግሩ ተጎድቶ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ድሉን የባልደረባው የማሞ ወልዴ አደረገው። ማዕረጉም እስከ ሻምበልነት ደረሰ።

እግር ሲቀር

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። የአከርካሪ አጥንቱ ተጎድቶ ሰውነቱ ሽባ ሆነ። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። በሕክምናውም እጆቹን መልሶ ማንቀሳቀስ ቻለ፤ እግሮቹ ግን ዳግም አልቆሙም።

የዚህ ዓይነት ጉዳት በማንኛውም ሰው ልብና ስብ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማወቅ ለመምህር ጠቃሚ ነው። የእግር ጡንቻዎች ስንራመድ ደምን ወደ ላይ እየጨመቁ ወደ ልብ ይመልሳሉ። እግር ካልተንቀሳቀሰ ይህ እገዛ ይቀራል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ሥራ ያጣ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ በቀን የሚወጣው ጉልበት ስለሚያንስ ስብ ቦታውን ሊይዝ ይችላል። ስለሆነም እንዲህ ላለ ሰው የእጅ ስፖርት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ልቡን ሥራ ላይ የሚያቆይ መድኃኒት ነው። የስቶክ ማንዴቪል ሐኪሞችም ሕሙማንን በስፖርት ያክሙ ነበር።

አበበም አልተኛም። እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በማግስቱ ዓመት ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ፣ በበረዶ ላይ በሚደረግ የውሻ መንሸራተቻ ውድድር ተሰልፎ አሸነፈ። ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣ፣ በእግሩ መቆም የማይችል ሰው በበረዶ አገር አንደኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በክብር እንግድነት በተሽከርካሪ ወንበር ተገኝቶ ታላቅ አቀባበል ተደረገለት።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው።

ስብም ለልብ ይመልሳል

የመልእክቱ መንገድ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳልሆነ ጨምረን እንግለጽ። ስብ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ከስብ ተነስቶ ስለ ጎተራው መጠን ለአንጎል ይነግራል። የስብ ሕዋሳት በተጨማሪ የልብን ሆርሞን ይዘው ከደም የሚያስወግዱ መያዣዎች አሏቸው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ከመጠን በላይ በወፈሩ ሰዎች ደም ውስጥ የልብ ሆርሞን ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። ሆርሞኑ ካነሰ ጨው ከሰውነት እንደ ልብ አይወጣም፤ ስብም በቀላሉ አይፈታም። ውፍረትና የደም ግፊት እየተጎተቱ የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በሌላ በኩል መክሳት ሁልጊዜ ጤና አይደለም። የደከመ ልብ ግድግዳው ዘወትር ስለሚለጠጥ ሆርሞኑን ያለ ልክ ያፈሳል። ሐኪሞችም የልብ ድካምን ለመለየት ይህንኑ በደም ውስጥ ይለካሉ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሳይፈልግ ስቡም ጡንቻውም ሊያልቅ ይችላል። እግሩ አብጦ ፊቱ የከሳ፣ ትራስ ካልደረበ መተኛት የሚያቅተው ሰው ስናይ፣ ስፖርት ሥራ ብለን መምከር ሳይሆን ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መላክ አለብን።

ለክፍላችን ምን እንውሰድ?

ከአበበ ታሪክ ሁሉም ሰው የማራቶን ሯጭ ይሁን የሚል ትምህርት አናወጣም። ክብደትን የሚወስኑት ምግብ፣ ዘር፣ እንቅልፍ፣ ኑሮና ሕመም ጭምር ናቸው፤ ልብ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። የወፈረን ተማሪ ሰነፍ፣ የከሳን ተማሪ ድሃ እያሉ በክፍል መሳለቅ ከመምህር አይጠበቅም፤ የሚሳለቁ ልጆችንም ማረም ግዴታችን ነው። አካል ጉዳተኛ ተማሪ ሲኖር ደግሞ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዞ እንዲያይ ማስቀመጥ ይቅር። ኳስ በእጅ መወርወርም ሆነ ክብደት ማንሳት ልቡን ያሠራዋል። ሻምበል አበበ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት የወረወረው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሚሆን፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሙከራም አለ። ተማሪዎች ቁጭ ብለው ሁለት ጣታቸውን አውራ ጣት ሥር ካለው የእጅ አንጓ ላይ አድርገው ለ30 ሴኮንድ የልብ ምታቸውን ይቁጠሩና በ2 ያባዙ። ከዚያ ጤነኞቹ ለሁለት ደቂቃ በቦታቸው ይዝለሉ ወይም እጃቸውን በፍጥነት ያንቀሳቅሱ፤ ወዲያው ደግመው ይቁጠሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይቁጠሩ። ሦስቱን ቁጥሮች በሠንጠረዥ አስቀምጠው፣ ልብ ምን ያህል እንደ ጨመረና በምን ፍጥነት እንደ ተመለሰ ይወያዩ። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ልጅ ቆጣሪና መዝጋቢ ይሁን።

ከዚያም በኋላ መምህሩ፣ ያ የጨመረ ምት ደም ብቻ ሳይሆን መልእክትም እየላከ መሆኑን፣ መልእክቱም ከሆድ ዕቃ እስከ ቆዳ ሥር ላለው ስንቅ እንደሚደርስ ቢያስረዳ፣ ልጆቹ ሁልጊዜ የሚሰሙትን የደረታቸውን ትርታ በአዲስ ጆሮ ያዳምጡታል። ሙከራውን በማስተማር ልምምድ ወቅት የሠራ ዕጩ መምህር ቢኖር፣ ያገኘውን ሠንጠረዥ ለዝግጅት ክፍላችን ቢያቀብለን በሚቀጥለው እትም ከዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።